ብረት ለባሾቹና ካሳ

ያን ፊልም ዳግመኛ አየዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለነገሩ ያየሁትም እሱኑ አይደለም፤ ሩት እንደምትለው ያንኑ የድሮ ተረት አዲስ ሰዎች እንደገና ሠርተውት ነው። ሩት የእህቴ የልጅ ልጅ ናት። ካርቱም ነርስነት ስትማር ጦርነቱ መጣና አንድ ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ይዛ ገዳሪፍ እኔ ቤት ገባች። ያን ቀን መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከጎረቤት የፀሐይ ባትሪ ላፕቶፑን ሞልታ መጣችና «ኻልቶ፣ ነይ ፊልም እንይ» አለችኝ። ኻልቶ በዚህ አገር አፍ አክስት ማለት ነው። እኔ ፊልም አላምንም። ሙቀቱ ሥራ አላሠራ ስላለኝ ብቻ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ገና ሲጀምር ክው አልኩ። ከራሳቸው እስከ እግራቸው ብረት የለበሱ ሰዎች፣ ብረት የለበሱ ፈረሶች፣ በጉም የተሸፈነ የድንጋይ ግንብ፣ ንጉሡና ዐሥራ ሁለቱ ባለሟሎቹ። ፊታቸው ሌላ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ቆየት ብሎ አንዱ ባለሟል ሰው ሳያየው በጥቁር ፈረስ ከግንቡ ብቻውን ሲወጣ «ይኸውልሽ ከሃዲው!» አልኩ።

ሩት ፊልሙን አቆመችው። «የቱ?»

«ይኸ በጥቁሩ ፈረስ ያለው። ንጉሡን ለጠላት የሸጠው እሱ ነው።»

«ላ ላ፣ ኻልቶ! እሱ እኮ ምስኪን ነው። የታሰሩትን ጓደኞቹን ፍቱና እኔን ያዙኝ ሊላቸው ነው የሚሄደው።»

«ማን አለሽ?»

«ራሱ እየተናገረ! እንግሊዝኛ አውቃለሁ እኮ።» ፊቴን አይታ ደነገጠች መሰለኝ፤ «ምናልባት የድሮው ሌላ ይሆናል። ይኸኛውን ለውጠውት ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ያደርጋሉ» አለች። ቀሪውን አላየሁም። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁና ከበርሜሉ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ፣ የዛሬ ዐርባ ዓመት፣ ገዳሪፍ ጣሪያ የሌለው ሲኒማ ነበራት። ከገበያው ወደ ባቡር ጣቢያው ሲወረድ፣ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ በሩ ላይ የሚመጣው ፊልም በቀለም ተሥሎ የሚሰቀልበት። ሠዓሊው አንድ ፊት ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ህንዱም ፈረንጁም ግብጡም የአንድ አባት ልጆች ይመስሉ ነበር። ወንበር ያለው ቦታ የሹማምንቱና የሰሊጥ ነጋዴዎቹ ነው። ሻዕብ የሚሉት ከፊት ያለው ቦታ፣ አግዳሚ ብቻ የተደረደረበት፣ የእኛና የአገሩ ድሃ ነበር። መግቢያው አንድ ሪያል፤ ሪያል ያኔ አስር ቅርሽ ነው። በአስር ቅርሽ አንድ ሰሃን ፉል ከነዘይቱ ይበላ ስለነበር ፊልም የሚያይ ሰው እራቱን ትቶ ነው የሚገባ። ፊልሙ እስኪጀምር በድምፅ ማጉያው ዘፈን ይለቁልን ነበር። ቃሉ ሳይገባኝ በቃሌ የያዝኩት አንድ የሱዳን ዘፈን ነበር፤ ስለ ፍቅር ይመስለኝ የነበረ ስለ ባቡር ሆኖ ተገኘ። አሁን ያ ግድግዳ ፈርሷል። በቦታው የጎማ መጋዘን አለ፤ ከካርቱም የሸሹ ሰዎች በረንዳው ላይ ድንኳን ወጥረዋል። በዚያ ሳልፍ ማንም ሳያየኝ ቀና እልና በሩ የነበረበትን እገምታለሁ።

እኔ ከጭልጋ ነው የመጣሁት። እንዴት እንደመጣሁ እዚህ አልተርክም፤ ያኔ የመጣ ሁሉ የሚናገረው አንድ ዓይነት ነው። ተሳሊ የሚሉትን የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሲኒማው በር ላይ እሸጥ ነበር። የአገሩን ሴት ለመምሰል ቶብ እከናነባለሁ፤ ዳሩ ቶቡ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ ያጋልጠኝ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር በረኛው በነፃ ያስገባኛል፤ እኔም አንድ ጥቅል ተሳሊ እሰጠዋለሁ። ከሐበሾቹ ጥግ፣ ከካሳ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ካሳ የደንቢያ ሰው ነው። በእህል ገበያው በትልቅ መርፌ የሰሊጥ ጆንያ ይሰፋ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ካኪ ጃኬት ነበረችው፤ ሐሙስ ሐሙስ አጥቦ፣ ፍራሽ ሥር አስተኝቶ ያለካውያ ተኩሶ ነው የሚለብሳት። ጎኔ ሲቀመጥ የአዲስ ጆንያ ሽታ ይሸተኝ ነበር። ያን ሽታ አሁንም ገበያ ውስጥ ሳገኘው እግሬ ቀጥ ይላል። ሽማግሌ የሚልክበት ዘመድ ስላልነበረው ሦስት የጎንደር ሰዎች ለምኖ፣ ቀን ቆርጦ ነበር። እኔም በልቤ እሺ ብያለሁ።

ታዲያ ዘመኑ የሚታመን ዘመን አልነበረም። ካሻ የሚሉት አፈሳ በማንኛውም ሰዓት ይመጣል፤ ወረቀት የሌለው በሎሪ ይጫናል። ያ እንኳ ይለመዳል። ያልተለመደው የራሳችን ሰው ነበር። እንትና የማን ወገን ነው፣ እንትና ማታ ማን ቤት ገባ፣ እንትና ይህን ጫማ ከየት አመጣው ይባላል። ክረምቱ ሲገባ የአምን ሰዎች፣ ማለት የፀጥታዎቹ፣ ሁለት የእኛን ልጆች ከተከራዩበት ቤት ወሰዷቸው። ቤቱን የሚያውቀው ሐበሻ ብቻ ነው። ስለዚህ የጠቆመው ከእኛው መሃል ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ ተመዝኖ ሆነ።

በዚያው ክረምት ነው ብረት ለባሾቹ የመጡ። የፊልሙን ስም ስለማናውቀው እንዲያ ብለን ነበር የምንጠራው። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ሌላ ፊልም አልመጣ አለና ዝናብ ባልጣለ ሐሙስ ሁሉ ያንኑ ያሳዩን ጀመር። ፊልሙ በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ በዐረብኛ የተጻፈበት ነው፤ ከእኛ ያንን የሚያነብ አልነበረም። የሚተረጉምልን መምህር አያሌው ነው። የበለሳ ሰው፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበረ፣ ድምፁ እንደ ደወል። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቆሞ ንጉሡ ሲናገር ንጉሥ፣ ንግሥቲቱ ስትናገር ንግሥት ይሆናል። ሐበሻ ያልሆኑት ሳይቀሩ ዝም ይሉለት ነበር።

ጥቁሩ ፈረስ ከግንቡ ሲወጣ መምህር አያሌው ድምፁን ዝቅ አደረገና «እዩት! ይህ ከንጉሡ ጋር እንጀራ የሚቆርስ፣ ከወንድሞቹ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ፣ ሥራው ግን ለጠላት መንገር የሆነ ሰው ነው» አለ። ሻዕቡ ጭጭ አለ። የሚቆረጠም ተሳሊ እንኳ አልተሰማም። በሳምንቱ ደግሞ ጨመረበት፦ «ቁመቱ ረጅም ነው፤ አፉ ጭምት ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል?» በሦስተኛው ሐሙስ ሰው ሁሉ ከፊልሙ ፊቱን እያነሳ ወደ እኛ ዘወር ሲል አየሁ። መጀመሪያ እኔን የሚያዩ መስሎኝ ቶቤን አስተካከልኩ። የሚያዩት ግን ካሳን ነበር።

ይባስ ብሎ ካሳ ፊልሙ መሃል እየተነሣ የሚወጣ ልማድ ነበረው። ይወጣና ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል። ሰው ይህን መቁጠር ጀመረ። «የት ነው የሚሄደው? ማንን ያገኛል?» ጎረቤቴ የነበረች አንዲት ሴት ውሃ ልትቀዳ መጥታ «አልጋነሽ፣ እህቴ፣ ሰው ሳታውቂ ትዳር አትግቢ። የተወሰዱት ልጆች እናት የላቸውም መሰለሽ?» አለችኝ። ያን ሐሙስ ካሳ ሲነሣ ተከትዬው ልወጣ ግማሽ ተነሣሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ባገኘውስ? ማንን አግኝቶ ባየውስ?

ሽማግሎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ካሳ ቀትር ላይ ተሳሊ ወደምቆላበት መጣ።

«ሰዎቹ ቅዳሜ አትምጡ ተብለናል አሉኝ» አለ። «አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ሥራ?»

«አዎ፣ ሥራ።»

«የሚወራውን ሰምተሽ ነው?»

«ምን ይወራል?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

ብዙ ቆመ። እኔ ምጣዱን እያማሰልኩ ቀና አላልኩም፤ ተሳሊው ባንድ ወገን አረረ። በመጨረሻ «ደኅና ሁኚ እንግዲህ» ብሎ ሄደ። በዚያው ሳምንት ሀዋታ ወደምትባል የወንዝ ዳር ከተማ በሚሄድ ሎሪ፣ ከአጫጆች ጋር ተጭኖ ገዳሪፍን ለቀቀ ተባለ። ሰዉም «አየሽ? ንጹሕ ቢሆን መች ይሸሽ ነበር» አለኝ። የተወሰዱት ልጆች በኋላ ተፈቱ። ማን እንደጠቆመ እነሱም አላወቁም።

እኔ ቆይቼ አንድ የሎሪ ሾፌር አገባሁ፤ ደኅና ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ሃያ ዓመት ኪሱን ስፈትሽ ኖርኩ። አንድም ቀን ምንም አላገኘሁም፤ ያ ራሱ ያጠራጥረኝ ነበር። በሞተ ጊዜ ጃኬቱን ይዤ ሳለቅስ እጄ ሳላዘው ኪሱ ውስጥ ገባ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ሩት ያን ቃል የተናገረችኝ ዕለት ሌሊቱን አልተኛሁም። ልጅቱ ትዋሸኛለች ብዬ አይደለም። ፊልሙም ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ራሷም ብላለች። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ በማግሥቱ መምህር አያሌው ዘንድ ሄድኩ። አሁንም ገዳሪፍ አለ፤ ልጁ ሱቅ ደጃፍ ከገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ዓይኑ ጠፍቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው።

«መምህር፣ አልጋነሽ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

«ተሳሊዋ አልጋነሽ! ጠይቂኝ።»

«እንግሊዝኛ ያውቁ ነበር?»

መጀመሪያ ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲሰማ አቆመ። «ሦስተኛ ክፍል ነበር የማስተምረው፣ አልጋነሽ። ፊደሉን አውቃለሁ። ‹ካም›፣ ‹ጎ›፣ ‹ኪንግ›። ሌላውን ሥዕሉን እያየሁ ነው። ሲቆጡ ቁጣ፣ ሲያለቅሱ ልቅሶ እሰጣቸዋለሁ። ሰዉ ደስ አለው፤ በረኛውም በነፃ ያስገባኝ ጀመር። አላውቅም ብዬ የምመለስበት ቀን አለፈኝ።»

«ጥቁሩ ፈረስስ?»

«ብቻውን፣ ተደብቆ ወጣ። ምን ልበል? ከሃዲ አልኩ። ያን ጊዜ ሰው ዝም አለ። እንዲያ በዝምታ ተሰምቼ አላውቅም ነበር።»

«ረጅም ነው፣ ጭምት ነው ያሉትስ? ካሳን ብለው ነው?»

«ማርያምን፣ ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ነው ረጅም!» አለ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ግን ሰዉ ወደ ካሳ ሲዞር አይቻለሁ። ማቆም እችል ነበር። በዚያ ሰሞን ወደ እኔም የሚያዩ ነበሩ፣ አስተማሪ ነው፣ ከሹማምንቱ ጋር ያወራል እያሉ። ወደ እሱ ሲዞሩ ከእኔ ላይ ተነሡ። አላቆምኩም። ንስሐ ገብቼበታለሁ፤ እሱን ግን ይቅር በለኝ አላልኩትም። ሀዋታ ነው ይላሉ፣ በሕይወት አለ።»

መኖሩን እኔም አውቅ ነበር። ከሀዋታ የመጣ ሐበሻ ባገኘሁ ቁጥር ስሙን ሳልጠራ ዙሪያውን እየጠየቅሁ፣ ማግባቱንም፣ አራት ልጅ መውለዱንም፣ ወንዙ ዳር ሽንኩርትና ባሚያ እንደሚያለማም ሰምቻለሁ። መምህሩን ደኅና ይዋሉ ብዬ ስወጣ ግን ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። ይህ ሰው እውነቱን ነው የሚነግረኝ ወይስ ድሮ ሥዕሉን ብቻ አይቶ እንዳደረገው፣ ዛሬም ድምፄን ብቻ ሰምቶ የምፈልገውን ተርጉሞልኝ ነው?

በሁለተኛው ቀን ሀዋታ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ቦታ አወረዱን። አሁንም ሐበሻ ስትሆኚ ማን ላከሽ፣ የማን ነሽ ይባላል፤ ወታደሩ ወረቀቴን አገላብጦ «ሀዋታ ምን አለሽ?» ሲለኝ «ዘመድ» አልኩት። ዓይኔን አየኝ። ያላመነ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ራሴን ያየሁ መሰለኝ።

ካሳን ያገኘሁት ከባሚያው መደብ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነው። ሸምግሏል፤ ቁመቱ አልሟሸሸም። ቀና ብሎ አየኝና ማን ነሽ ሳይል «አልጋነሽ» አለኝ። ሚስቱ ቀይ፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ከዛፉ ሥር ምንጣፍ አነጠፈችልን፣ ከርከዴ በብርጭቆ አመጣችልንና እንድናወራ ትታን ሄደች። እኔ የት እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለ ሩት ፊልም፣ ስለ መምህር አያሌው ነገርኩት።

«እንግሊዝኛ እንደማያውቅማ አውቅ ነበር» አለኝ።

«እንዴት?»

«እኔ ስለማውቅ ነዋ። ጎንደር ሳለሁ ከፈረንጅ ሐኪም ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። መድኃኒት አቀብል፣ ለበሽተኛው አስተረጉም ነበር።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። «ታዲያ እየወጣህ የት ነበር የምትሄድ?»

«ልስቅ» አለኝ።

«ምን?»

«ልስቅ ነዋ! ንጉሡ ሚስቱን ራቱ ቀዘቀዘ ይላታል፤ አያሌው የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ ብሎ ያስምለዋል። እዚያው ቁጭ ብዬ ብስቅ ምን ብዬ አስረዳለሁ? ከግድግዳው ኋላ ሄጄ እንባዬ እስኪመጣ እስቅና እመለሳለሁ። መጀመሪያ እንዲያ ነበር። በኋላስ ሳቁም ቀረ።»

«ሰውየው ከሃዲ አይደለም ለምን አላልክም? አንድ ቃል ብትናገር!»

«ማን ሆኜ? ‹ካሳ እንግሊዝኛ ከየት አመጣ? ከማን ጋር ሲያወራ ተማረው?› አይባልም? ስለ ፈረንጁ ብነግራቸው ደግሞ የፈረንጅ ሰላይ እሆናለሁ። ቁጭ ብዬ የራሴን ክስ በሐሰት ሲተረጎም እሰማ ነበር፣ አልጋነሽ። የሚያርመው እኔ ብቻ ነኝ፤ ባርመው ይፈረድብኛል።»

እንዲያ ቢናገር መጀመሪያ የምጠረጥረው እኔ እንደነበርኩ አውቀዋለሁ።

«ታዲያ ሰውየው ለምን ነበር የሚወጣው?» አልኩት።

«ወንድሙ ከግንቡ ውጭ ወድቆ ቀርቶ ነበር። አስከሬኑን አንሥቶ ሊቀብር ነው።»

ልቤ ወዲያው ያዘው። ሩት የታሰሩትን ሊያስፈታ ነው ብላኛለች፤ ይህ ደግሞ ሊቀብር ነው ይላል። አንዱ ተለውጧል፣ ወይ አንዱ ዋሽቷል። ከዐርባ ዓመት በኋላ፣ የሰው ቤት ከርከዴ እየጠጣሁ፣ አሁንም ሰውን ላጣራ ተነሥቻለሁ። በራሴ አፈርኩ። ያን ጊዜ ነው ያልጠየቅሁት ሰው አንድ ብቻ መሆኑ የገባኝ። ጎረቤት ጠይቄያለሁ፣ መንገደኛ ጠይቄያለሁ፣ መምህር አያሌውን ጠይቄያለሁ።

«ካሳ» አልኩት፣ «ልጆቹን የጠቆምክ አንተ ነበርክ?»

ከእጁ ላይ ጭቃውን ይልጥ ጀመር። ተቆጣ ብዬ ፈራሁ። ቀና ሲል ግን ዓይኑ ረጥቧል።

«አይደለሁም» አለኝ። «ያን ቀን ምጣዱ አጠገብ ቆሜ ይህን እስክትጠይቂኝ ነበር የምጠብቀው።»

ፊቱን መረመርኩት፤ ልማድ ነው። አፉን፣ ዓይኑን፣ እጁን አየሁ። ማስረጃ የሚሆን ምንም የለም። የሽማግሌ ፊት ነው፤ ፀሐይ ያቃጠለው፣ የሚጠብቅ ፊት።

«አምኜሃለሁ» አልኩት።

«ዓይንሽ እንደዚያ አይልም።»

«ዓይኔን ተወው። እሱን መግራት አልቻልኩም። እኔ ነኝ ያልኩህ።»

ፈገግ አለ። ሚስቱን ጠራና «ይቺ አልጋነሽ ናት፤ ገዳሪፍ ሳለሁ አብረን ፊልም እናይ ነበር» አላት። እሷም «እራት ሳትበይማ አትሄጂም፤ ቤቱ ሰፊ ነው፣ እዚሁ ታድሪያለሽ» አለችኝ። ከመንገዱ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚመለሰው የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ፤ ደገመ፤ ሰለሰ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ከቤቴ ውጭ፣ ሰው ቤት አድሬ አላውቅም። ነጠላ ጫማዬን አወለቅሁና ከሚስቱ ጎን ባሚያ ልቆራርጥ ተቀመጥኩ።